ፈረንሳይኛ በዳዊት ዜማ

«አንቺ! ይሄ ፈረንሳይኛ አይደለም፤ ዳዊት ነው የምትደግሚው! ቁጭ በይ። ሁለት ከአሥር!»

ቲቸር ኤልያስ ይህን ያለኝ ሃምሳ ምናምን ተማሪ ፊት፣ ጠመኔውን ወደ ግንባሬ ቀስሮ ነው። እኔ ደግሞ የዋዛ አልነበርኩም። ምዕራፍ ሰባትን ከላይ እስከ ታች አንዲት ቃል ሳላጎድል ተወጥቼዋለሁ፤ ምኔ ነው ሁለት የሚያሰጠኝ? «ምኑ ጎደለ ቲቸር?» አልኩት፣ ሳልቀመጥ። «ምንም አልጎደለም፤ ተርፏል!» አለ። «ባቡር ጣቢያው የት ነው ብዬ ጠየቅኩሽ እንጂ የገጹን ቁጥር ንገሪኝ አልኩሽ?» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ነው፤ የገጹን ቁጥርም ብያለሁ። «መልመጃ ሁለት፤ ባዶ ቦታውን ሙሉ» የሚለውንም ብያለሁ። ምን ላድርግ፣ «ባቡር ጣቢያው በስተግራ ነው» የሚለው ያለው ከገጹ ሥር ነበር፤ እዚያ ለመድረስ ከላይ መነሳት አለብኝ።

ይህን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ዳባት መናኸሪያ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ከጎንደር የመጡ፣ የማስጎበኛቸውን እንግዶች ልቀበል ቆሜ፣ ረዳቶቹ «ደባርቅ! ደባርቅ! አንድ ሰው!» እያሉ ጆሮዬን ሲያደነቁሩት፣ ከኋላዬ አንድ የሴት ድምፅ በቄስ ትምህርት ቤቱ የውርድ ንባብ ዜማ፣ ሳብ ረገብ እያደረገ «ለ–ሶ–ን ሴ–ት» አለ። ምዕራፍ ሰባት ማለት ነው። ዘወር ስል ዘመናይ ናት! አንድ ዴስክ ላይ ሁለት ዓመት ክንድ ለክንድ ተገፋፍተን የተማርን፣ አሁን ዳባት ላይ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ የሁለት ልጆች እናት። ተቃቅፈን ስንስቅ እንግዶቼ ወርደው ሻንጣቸው አጠገብ ቆመው ያዩናል። «ኧረ አንቺ፣ አሁንም ከላይ ነው የምትጀምሪው?» አለችኝ። ሠላሳን ገና አለፍ ከማለቴ ትዝታ መጻፌ የሚያስቃችሁ ካላችሁ ሳቁ፤ እኔ ግን ያን ቀን ከዳባት እስከ ደባርቅ ድረስ ለእንግዶቼ ስለ መንገዱ መንገሬን ትቼ በመስኮት ስስቅ ነው የደረስኩት።

ያኔ ደባርቅ ሌላ ነበረች። አሁን ፎቅ የቆመበት ሁሉ ያኔ የባሕር ዛፍ አጥርና ቆርቆሮ ነበር። ሻይ ሠላሳ ሳንቲም፣ ከዳቦ ጋር ስልሳ ሳንቲም፤ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር አንድ ብር ከሃምሳ፤ ቪዲዮ ቤት ሃምሳ ሳንቲም ከፍለሽ የህንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ሙሉ አልቅሰሽ ትወጫለሽ። ብርዱስ? ብርዱ እንደ ዛሬው ነው፤ እሱ ዋጋ አይጨምርም። ሴቶቹ ተማሪዎች ከዩኒፎርማችን ላይ የሰልባጅ ሹራብ እንደርባለን፤ የኔው ቀይ ነበር፣ ደረቱ ላይ የማላውቀው አገር አጋዘን የተሠራበት፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከክምር ውስጥ ከዘመናይ ጋር ተናጥቀን ያገኘሁት። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የማሲንቆ ዘፈን ይደጋግማል፤ ካሴቱ ከማርጀቱ የተነሳ ዘፋኙ መሃል ላይ ይሰምጥና እንደገና ብቅ ይላል፤ እኛም ስንዘፍነው ከነመስመጡ ነበር። ጥግ ላይ በቅሎ አከራዮቹ ቱሪስት ይጠብቃሉ። ከአዲ አርቃይ ሊማሊሞን የወጣ አውቶቡስ ሲደርስ የጋለው ሞተሩ ሽታ ይኸውና ዛሬም በአፍንጫዬ አለ። ያ ሽታ ለኔ የሩቅ አገር ሽታ ነበር፤ የሚመጣው ከቆላ ይሁን ከየት ግድ አልነበረኝም፤ ብቻ ከሌላ ቦታ ይምጣ።

ቲቸር ኤልያስ ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ከባቡር ሠራተኞች መሃል አድጎ፣ ፈረንሳይኛን ከአባቱ አፍ የለመደ ሰው ነው። ምን ኃጢአት ሠርቶ ደባርቅ እንደተመደበ አናውቅም። ሁለት ጃኬት ደርቦ ያስተምራል፤ ሲናደድ አንዱን ያወልቃል፣ ወዲያው ይበርደውና ይለብሳል። «አቦ ይሄ አገር ነው ማቀዝቀዣ?» ይለናል። ፈረንሳይኛ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ፣ ከሰዓት በኋላ ከፈረቃችን መልስ የሚሰጥ፣ የፈለገ ብቻ የሚገባበት ነበር፤ መጽሐፋችን ፎቶ ኮፒ፣ ግማሹ ያልወጣለት። በገባ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጮክ ብሎ አነበበው። ቃል ጽሕፈት ሃያ። የጽሑፍ ፈተና ሠላሳ። የክፍል ጥያቄ አሥር። ንግግር አርባ። ከዚያ ዘወር ብሎ «አርባዋን እዩልኝ» አለ። «ማንም ጽፎ ያልሰጣችሁን ነገር፣ አማርኛ ለማያውቅ ሰው፣ ሳቅ ቢመጣ እየሳቃችሁ ትነግሩታላችሁ። ሌላ አልጠብቅም።»

እኛ ግን የምንጠብቀው ነገር ነበረን። በዚያ ዓመት ለአስጎብኚነት ሥልጠና ፈረንሳይኛ የሚችሉ ልጆች ስም ከትምህርት ቤታችን እንዲላክ ተጠይቆ ነበር። ከመቶ ሰማንያና ከዚያ በላይ ያመጣ ስሙ ይሄዳል፤ ሰባ ዘጠኝ ያመጣ እቤቱ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ሴት ልጅ ቱሪስት ስትመራ አይተን አናውቅም። ወንዶቹ «አንቺ ልትመሪ ነው? ጭላዳ ዝንጀሮዎቹስ ምን ይላሉ?» ይሉኛል፤ «ካንተ መልክ ለምደዋል፣ አይደነግጡም» እላቸዋለሁ። አፌን አሾልኩ እንጂ ውስጤ ሌላ ነው። ካልሄድኩ የሚጠብቀኝ ጎንደር አክስቴ ቤት ሆኜ ልብስ ስፌት መማር ነበር፤ ነገሩ ተቆርጧል፣ የስፌት መኪናው ሳይቀር ተገዝቷል። አንድ ቦታ ተቀምጦ መዋል! እኔ? ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቅዳሴው ሳያልቅ ሦስት ጊዜ ቦታ የምቀይር ልጅ?

የዳዊቱ ጉዳይ የመጣው ከአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ደጃችን ላይ የሰፈሩን ልጆች ፊደልና ንባብ ሲያስቆጥሩ፣ እኔም ከወንዶቹ መሃል ገብቼ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ዳዊት ደግሜያለሁ። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ሲመጣ «አባዬ፣ ያስጠኑኝ» አልኳቸው። «እኔ ቋንቋውን መች አውቀዋለሁ ልጄ?» አሉ፤ ቀጥለው ግን «እስቲ አንዴ አንብቢው» አሉኝ። አነበብኩ። «ድገሚው።» ደገምኩ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ሳያዩ፣ ፊደሉን ሳያውቁ፣ ስሳሳት ያርሙኝ ጀመር! «ቆይ፤ ከ‹ላ ጋር› በፊት አንዲት ቃል ዘለልሽ» ይሉኛል፣ ‹ላ ጋር› ባቡር ጣቢያው መሆኑን እንኳ ሳያውቁ። ገልጬ ሳይ እውነት ዘልያለሁ። ጉድ ነው! ቃሉ አልጨበጥ ሲለኝም ዜማ ሰጡት፤ ዜማ የያዘ ነገር አይጠፋማ። እንዲህ እንዲህ እያልን ከምዕራፍ አንድ እስከ ምዕራፍ አሥራ ሁለት፣ ከነመልመጃው፣ ከነገጹ ቁጥር ይዤው ቁጭ አልኩ። ዘመናይ ከኔ ሰምታ ያዘችው። ከእሷ ሌሎቹ ያዙት። የክፍሉ ግማሽ ፈረንሳይኛን ሲያዜም ከሩቅ የሰማ ሰው ማኅሌት የቆመ ይመስለው ነበር።

ሁለት ከአሥር ባገኘሁበት ቀን ሒሳቡን ደብተሬ ጀርባ ላይ ሠራሁት። ቃል ጽሕፈት አሥራ ስምንት፤ ጆሮዬ የአባቴ ነው። የጽሑፍ ፈተና ሃያ አራት። የክፍል ጥያቄ ሁለት። አርባ አራት። የቀረኝ ንግግር ብቻ፤ ከአርባ ሠላሳ ስድስት ማምጣት አለብኝ። እቤት ገብቼ ለአባቴ «ዳዊት ነው የምትደግሚው ብሎ ሰደበኝ» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ዳዊት ስድብ ሆነ?» አሉ። በነጋታው ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። እኔ ከኋላ ከኋላ። ውስጤ በደስታ ጨፍሯል፤ ዛሬ ቲቸር ኤልያስ አለቀለት ብዬ።

ቲቸር ኤልያስ የመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻውን ደብተር ያርማል። ቀና ብሎ አያቸውና ድሬዳዋኛውን ለቀቀው፤ «ኦ አባ! ና ግባ፣ ቁጭ በል፣ ቤትህ ነው!»

አባቴ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ «አንተ» ያላቸው ሰው የለም። እኔ ጥርሴን ነክሼ መሬት መሬት አያለሁ። አባቴ ግን ገብተው ተቀመጡ። «ልጄ በቃሏ ይዛለች። የያዘን ተማሪ ሁለት መስጠት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አሉ።

«ይዛለች አባ፤ ግን አታውቀውም።»

«እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይያዛል፤ ፍቺው ኋላ ይመጣል።»

«እኔ ኋላ የለኝም! ያለኝ እስከ ሰኔ ነው» አለ ቲቸር።

አባቴ ተናደዱ። መቋሚያውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምዕራፍ ሰባትን አወረዱት። በሙሉ! በዜማ! ቲቸር ኤልያስ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። «አቦ ይሄ ሰውዬ ከኔ ይበልጣል!» አለና ወንበሩን ወደ አባቴ አስጠጋ። ከዚያ ቀስ ብሎ በፈረንሳይኛ «ስምህ ማነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አባቴ ቃሉን ያውቁታል፤ የት ቦታ እንዳለ ያውቁታል፤ ምዕራፍ አንድ ነው። ከምዕራፍ አንድ ራስ ተነሡና ወረዱ፣ ወረዱ፣ መልሱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ በኩራት «ዡ ማፔል ፒየር» አሉ።

«ምን አልክ መሰለህ አባ? ‹ስሜ ፒየር ነው› አልክ።»

«ማነው ፒየር?»

«መጽሐፉ ውስጥ ያለ ልጅ።»

እኔ ያፍራሉ ብዬ ልቤ ተሰቀለ። አባቴ ግን ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው «እሺ፣ ምን እንድትልልህ ነው የምትፈልግ?» አሉት፤ እሳቸውም «አንተ» ብለውት። «ማንም ያላለውን» አለ ቲቸር። «ከራሷ። ትንሽ ይሁን፤ ግን ዛሬ የተወለደ ይሁን።»

አባቴ ብድግ አሉ። «ቅኔ ነዋ!» አሉ፣ ጉልበታቸውን መትተው። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ መምህርሽ የሚፈልገው ቅኔ ነው፤ እኔ ንባብ አስጠናሁሽ! ጥፋቱ የኔ ነው።» ቲቸር ኤልያስን በአክብሮት እጅ ነስተው ወጡ። እሱ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው በሩ ላይ ቆሞ «አባ፣ ሻይ እንኳን አልጠጣህ!» ይላል።

የቅኔ ተማሪ ቅኔ የሚቆጥረው እንዲህ ነው፤ ከሰው ተለይቶ ጫካ ወይ ገደል አፋፍ ሄዶ ብቻውን ይቀመጣል፤ ከራሱ አውጥቶ ሁለት ቤት ይቋጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ጉድ ፈላበት። አባቴም በዚህ ሥርዓት ገዙኝ። ጠዋት ፈረቃ ስላልነበረኝ፣ በየማለዳው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የሚወጣውን መንገድ ይዤ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል የሚያይ አፋፍ ላይ ሄጄ በፈረንሳይኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር እቆጥራለሁ፤ ሁለት ብቻ። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። «አውቶቡሱ አርጅቷል። ፍየሏ ግን ከጣሪያው ላይ ሆና አገር ታያለች።» ይኼው ነው፤ ግን የኔ ነው! እየሮጥኩ ወርጄ ለአባቴ በፈረንሳይኛ ነገርኳቸው። ፍቺውን አልጠየቁኝም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይህ አዲስ ነው» አሉ።

ማታለል አይሞከርም። አንድ ቀን ሰንፌ የሰኞዋን ፍየል ጅራቷን ቆርጬ ባመጣት፣ «ይህንን ሰኞ ብለሽዋል። ሌብነት ነው! ተመለሽ!» አሉኝ። ቋንቋውን ሳያውቁ! ያ ጆሮ! ተመልሼ ዳገቱን ወጣሁ። እንዲያ ስል ሁለቱ አራት፣ አራቱ አሥር ሆኑ። ስሄድ ስመለስ አፌ አላርፍ አለ፤ ለድንጋዩ፣ ለጉሙ፣ ለጭላዳው ሁሉ በፈረንሳይኛ እናገራለሁ። ዛሬ እንግዶቼ «የት ተማርሽ?» ሲሉኝ ይህን ሁሉ እንዴት ልንገራቸው? «ትምህርት ቤት» እላለሁ፣ ይገላግላል።

የንግግሩ ፈተና ቀን ግንቦት ነበር፤ ጉሙ መስኮቱን በጥጥ ደፍኖታል። ቲቸር ኤልያስ ሁለቱንም ጃኬቶች ቆልፎ፣ አንድ ክዳን ያለው እንቅብና አንዲት ሽበታም ፈረንሳዊት ይዞ ገባ። አምባራስ አካባቢ ጭላዳ ስታጠና የከረመች ናት አለን፤ አማርኛ የላትም። ሥርዓቱን ነገረን፤ ከእንቅቡ ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ዕቃ ታወጣላችሁ፤ ስለሱ አምስት ደቂቃ ትናገራላችሁ፤ ሠላሳ። ከዚያ ማዳም አንድ ጥያቄ ትጠይቃችኋለች፤ አሥር። ያገኛችሁትን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ጉቦ የለ፣ ልቅሶ የለ። ከኔ በፊት ዘመናይ ወጣች፤ የፋኖስ ብርጭቆ ደረሳት፤ ምዕራፍ አራትን በዜማ ለቀቀችው። ማዳም ፈዝዛ ታያታለች። አሥራ ሁለት።

ተራዬ ደረሰ። እጄን ሰደድኩ፤ አወጣሁ፤ ድንች! ከፊት ያሉት ፈነዱ። አፌን ስከፍት፣ ወይ ጉዴ፣ ዜማው መጣ። ያ ሁሉ ማለዳ፣ ያ ሁሉ አፋፍ ጠፋና፣ ስለ ዳቦ ቤት የሚያወራው ምዕራፍ ስምንት በውርድ ንባብ ወረደ። ሁለት መስመር ሄድኩ። ቲቸር ዓይኑን ጨፈነ። ከኋላ አንዱ «ሃሌ ሉያ» አለ። ቀጥ አልኩ። ድንቹን አየሁት፤ ቡቃያ አውጥቷል። እና እንዲህ አልኩ፣ በፈረንሳይኛ፣ ያለ ዜማ፤

«ይህ ድንች ከኔ ይበልጣል። ከዳባት መጥቷል። እኔ ዳባት የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።»

ማዳም ቀና አለች። «ዓይን አለው፤ አገር ሊያይ ነበር» አልኩ። «እናቴ ትልጠዋለች። ወፍራም አድርጋ ስለምትልጠው አባቴ ይቆጧታል። መምህራችን ግን ከነልጣጩ፣ ከነሁለት ጃኬቱ ይበላዋል።» ማዳም ሳቋ አመለጣት፤ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። ቲቸርም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ድንቹን በአውቶቡስ አሳፈርኩት፣ ገበያ ላይ አከራከርኩት፣ ለአክስቴ የስፌት መኪና ድጋፍ አደረግኩት። «በቃ፣ አምስት ደቂቃ!» ብሎ በጠመኔ ጠረጴዛውን እስኪመታ ድረስ አልቆምኩም።

ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሃያ ሰባት። «ሦስቱን ዜማው በልቶብሻል» አለኝ። ሰባ አንድ ሆንኩ። የቀረኝ ከአሥር ዘጠኝ። እስከዚያ ሰዓት ከጥያቄው ከስድስት በላይ ያገኘ አልነበረም። ዘመናይ ከወንበሯ ዘጠኝ ጣት አውጥታ ታሳየኛለች፤ አውቀዋለሁ አታሳዪኝ ልላት አማረኝ።

ማዳም መነጽሯን አስተካከለች። ቀስ አድርጋ፣ ቃል በቃል ጠየቀችኝ። «ከዚህ ክፍል እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ፣ በመንገዱ ላይ ምን ምን አለ?»

ሰሌዳውን አየሁ። ግድግዳውን አየሁ። መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ፤ ግን እዚያ ቆሜ፣ ድንች ይዤ፣ ቃሉ ሁሉ በአንድ በር ልውጣ ብሎ ተጨናነቀ። ቲቸር ኤልያስ ጠመኔውን አንሥቶ ይጠብቃል። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ።

ድንቹን እንቅቡ ውስጥ መለስኩት። «ሱዊቬ ሙዋ፣ ማዳም» አልኳት። ተከተሉኝ።

«ወዴት ነው?» አለ ቲቸር። «ፈተናው እዚህ ነው አቦ!»

«ጥያቄው ያለው መንገድ ላይ ነው ቲቸር!»

ማዳም ተነሥታ ኮፍያዋን ፈለገች። ነጠላዬን ከዴስኩ ላይ ሳብ አድርጌ ተከናነብኩ፤ በሩን ከፈትኩ፤ ጉሙ ገባ፤ እኔ ወጣሁ።